ደቻቱ የሚነሣው ከእርሻችን ነው

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይጻፋል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የምሠራው በተዳፋት ላይ ስለሆነ የአፈሩን ታሪክ ላንሳ።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ለሐዲድ አልመች ስላለ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከግርጌው፣ ከደቻቱ አሸዋ ዳር ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ደረቅ ወንዝ ደግሞ ያዘናጋል፤ ሰው ዳርና ዳሩ ላይ ቤት ሠራ፣ አሸዋው ላይም ገበያ ቆመ።

ከተማው ሲሰፋ ማገዶው፣ ከሰሉ፣ ማገርና ወጋግራው የሚወርደው ከላይ ነበር። የደጋው ሕዝብም በዛ፤ እርሻ ጥድና ወይራ የነበረበትን ቁልቁለት ይዞ ወጣ። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ ተከተለ። ለዚህ ገበሬውን ብቻ የሚወቅሱ አሉ፤ እንጨቱን የገዛው ማን እንደሆነ ግን ይረሳሉ።

ጎርፍ በ1973 ዓ.ም.ም ደርሶ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ግን ሌላ ነበር። በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ የሚያሰርገው መሬት አጥቶ ድንጋይና ደለል እያንከባለለ ወረደ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ።

በእርግጥ ሁሉም ጥፋት የእኛ አይደለም። የዓለም አየር ከፋብሪካ፣ ከተሽከርካሪና ከደን ጭፍጨፋ በሚመጣ ጋዝ ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቋል። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እንፋሎት 7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ዝናብ ሲጥል የመክበድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን ጋዝ ያመነጩት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው፤ የተራቆተው ተዳፋት ግን በእጃችን ነው።

የሐሮማያ ሐይቅም ጎረቤታችን ነው። ደለል ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞች መጠጥም ያለ ልክ ተሳበ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ ሐረር በመካከሉ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ ከርሰ ምድር አዙራ ነበር። ድሬዳዋ ራሷም የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው። ያን ጉድጓድ የሚሞላው ከዳገቱ የሚሰርገው ዝናብ ነው፤ በጎርፍ ያለፈው ውሃ ለጉድጓዱ ብዙ አይተርፈውም።

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በከተማው የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ በላይም እርከን ይሠራል። አንድ ቀን እርከን ስንቀይስ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ድንጋይ የምንሸከመው እኛ፣ ተዝናንቶ የሚተኛው ከተማው። ለእኔ ምን አለኝ?» አሉኝ። እርከኑ የማሽላውን እርጥበት እንደሚይዝ ነገርኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፣ እርከኑ የሚበላው መሬት ግን ከዘንድሮው እርሻ ላይ ይቀነሳል። አንገታቸውን ነቀነቁና ድንጋያቸውን አነሡ።

እኔ እንደሚመስለኝ ከተማው ዕዳ አለበት። ለእርከን ጠርዝ የሚሆን የመኖ ሣር ዘርና የፍራፍሬ ችግኝ በከተማው ወጪ ቢቀርብ፣ ዩኒየኑም ቢያከፋፍልና ምርቱን ቢገዛ፣ ሽማግሌው ያጡት መሬት በከፊል ይካሳል። የአስተዳደሩ ኃላፊዎችም ይህን ስለሚያነቡ ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ ቢያዝ እወዳለሁ። ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር እኚያው ሰው ከቅየሳው ገመድ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል።