ጽሑፋችንን የሚያርሙልን መጻሕፍትና መሣሪያዎች

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨርሶ የማይጽፍ አገልጋይ ጥቂት ነው። አንዱ ምስክርነቱን ለመጽሔት ያዘጋጃል፣ ሌላዋ ለሰንበት ትምህርት የልጆች መምሪያ ትጽፋለች፣ ሽማግሌው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ወጣቱ ትራክት ከእንግሊዝኛ ይተረጉማል። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ሌሊት ተጽፎ ጠዋት ይባዛል፤ በመካከል ማንም አያየውም። አማርኛ አፋችንን የፈታንበት ቋንቋ ስለሆነ መጻፉንም የምናውቅ ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ ስትጽፉ ከአጠገባችሁ ልታኖሯቸው የሚገቡትን መጻሕፍትና መሣሪያዎች፣ አጠቃቀማቸውንም ያሳያችኋል። መነሻው ግን ከኮምፒውተር በፊት፣ ከማተሚያ ቤትም በፊት ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሐይቅ ከተማን፣ ከአጠገቡም በውሃው ዳር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ታገኛላችሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር። ገድላቸው በደብረ ዳሞ በተማሩበት ጊዜ መጻሕፍትን በመገልበጥ የተጉ እንደነበሩ ይተርካል። ለገዳሙ ያሠሩት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በርግጥ ከሚታወቅ የግዕዝ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደሙት አንዱ ነው። በዚሁ ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። ዝርዝሩን ልብ በሉት። ጸሐፊዎችን ለማሠልጠን የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሰበሰበው መጻሕፍትን ነበር።

የብራና ጸሐፊ ያለ ቅጂ አይጽፍም። የሚገለብጠው መጽሐፍ ከፊቱ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ቆዳው ከተፋቀና ከለሰለሰ በኋላ በወስፌ ይበሳል፣ ይሰመራል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ ጥቁሩ ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለርእስና ለተከበሩ ስሞች ነው። ሥራው ግን ጸሐፊው ሲጨርስ አያልቅም። የቆዩ ብራናዎችን ብትመለከቱ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ተፍቆ፣ የተዘለለ ቃል በሁለት መስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ገብቶ ታያላችሁ። እነዚያ ደቃቅ ፊደላት አንድ ሰው መጽሐፉን ከቅጂው ጋር እያስተያየ እንዳነበበው ይመሰክራሉ። ዛሬ ማረም በጣት አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ የሚያርሙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

መሰላሉ

የሰዋስው መጻሕፍትን ብዙዎቻችን ከፈተና ጋር አያይዘን እንሸሻቸዋለን። «ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ ቀስ በቀስ የሚያወጣ እንጂ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የወንጌላውያን አማኞችም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ማወቅ ይጠቅማል። በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተማሩት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም «መጽሐፈ ሰዋስው» የተባለውን ሥራቸውን በ1889 ዓ.ም. በዚያው በምንኩሉ አሳትመዋል። ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን በ1899 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቁት ኦኔሲሞስ ነሲብም ያለ ረዳት አልሠሩም። አስቴር ጋኖ የኦሮምኛ ቃላትን እየሰበሰበች ታዘጋጅላቸው ነበር። ሠራተኞቹ የቃላት ክምችታቸውን ያዙ፣ ትርጉሙም በዚያ ላይ ቆመ። ትራክት የምትተረጉሙ ወገኖች ይህን አስቡበት። «ጸጋ»ን በአንዱ ገጽ በአንድ ቃል፣ በሌላው ገጽ በሌላ ቃል ከመመለስ፣ የመረጣችሁትን በደብተር መዝግቦ መያዝ ይሻላል።

ለዛሬው አማርኛ የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ጠቃሚ ነው። ለጀማሪ ጠጠር ይላል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም፤ ስለ ዐረፍተ ነገርና ስለ ግስ የተጻፈውን ክፍል ደጋግሞ ማየት ይበቃል።

ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር

ከመዝገበ ቃላት ሁሉ ታሪኩ የሚያስደንቀው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ፈጁበት፣ ታትሞ ሳያዩት ግን ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታም የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንድ የቃላት መጽሐፍ ሦስት ትውልድ ፈጀ ማለት ነው።

እነዚህን ሁለቱን ስትገልጡ ግራ እንዳትጋቡ። ቃላቱ የተሰደሩት በለመድነው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሳይሆን በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ነው። የምትፈልጉትንም ቃል በሥሩ ነው የምትፈልጉት፤ «መጽሐፍ»ን በመ ሳይሆን በጸሐፈ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ቃሉ የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ቀለል ያለ የሚፈልግ የተሰማ ሀብተ ሚካኤልን «ከሣቴ ብርሃን» (1951 ዓ.ም.) ወይም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመውን «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ይያዝ።

መዝገበ ቃላት ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት መለየት ነው። «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ ሥሩ መሐረ፣ ራራ፣ ይቅር አለ ማለት ነው። «መምህር» ግን በሃሌታው ሀ ነው፤ ሥሩ መሀረ፣ አስተማረ ማለት ነው። ሥዕል የሚሥለው ሠዐለ በንጉሡ ሠ፣ የለመነው ሰአለ በእሳቱ ሰ ይጻፋል። ፊደላቱ ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም የቆየ ነው። እኔ ቢያንስ ትርጉም በሚለዩት ቃላት ላይ ሥሩን መጠበቅ ይሻላል እላለሁ። ያን ባትመርጡ እንኳ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል በሦስት መልክ አትጻፉት።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም በየቤታችን ስላለ ለፊደል አጻጻፍ ቅርብ መመሪያ ነው። የዐረፍተ ነገሩን አካሄድ ግን አትቅዱ። የትርጉሙ ቃና የዕብራይስጥና የግዕዝ ነው። ስለ ወጣቶች ጉባኤ የሚወጣ ዜና «እንዲህም ሆነ» ብሎ ሲጀምር አንባቢን ፈገግ ያሰኛል።

ጆሮም መሣሪያ ነው

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ቅዳሜ ለችግረኞች እህል ይሰጣል» ብትሉ፣ ሰጠን አላልቶ ያነበበ «ማን ነው የሚሰጠው?» ይላል፤ አጥብቆ ያነበበ እህሉ እንደሚታደል ይረዳል። «ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ለችግረኞች እህል ታድላለች» ቢባል ጥርጣሬው ይጠፋል። ጸሐፊው ይህን በራሱ ዐይን አያየውም፤ ያሰበውን ያውቃልና። ስለዚህ ጽሑፉን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ እናንተ ስሙ። የተሰናከለበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጉ። አንባቢው የተማረ መሆን አያስፈልገውም፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይበቃል።

ኮምፒውተርና ስልክ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ፕሮግራሞች ለፊደሉ የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችሁ በድሮ ፕሮግራም የተጻፉ ሰነዶች ካሏት የሚያነባቸው ማሽን ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ይቀየሩ። ለመጻፊያ ኪይማንን፣ ለፊደል ቅርጽ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን መጠቀም ይቻላል፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። አራት ነጥብን (።) እንደ አንድ ምልክት ጻፉት። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድራችሁ ከሠራችሁት በመስመር መጨረሻ ላይ ሊከፈል ይችላል።

የፊደል ግድፈት በሚለቅም ፕሮግራም ላይ ግን ብዙ አትደገፉ። አንድ የአማርኛ ግስ በቅጥያዎች ብዛት እጅግ ብዙ መልክ ስለሚይዝ፣ ማሽኑ ትክክሉን ስሕተት ብሎ ቀይ ሊያሰምርበት ይችላል። «ምህረት» ብሎ የተጻፈውንም ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በፍለጋም ጊዜ ይህን አስቡ፤ ብዙ ፕሮግራም የሚያገኘው የጻፋችሁትን ፊደል ብቻ ነው። ስለ ገዳሙ ማንበብ የፈለገ ሰው «ሐይቅ» ብሎ ካጣ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» ብሎም ይሞክር።