የከበሮውና የሙሾው ግጥም፦ ሳኦል ምን ሰማ? ዳዊት ምን ተቀኘ?

ለዚህ አርብ ያዘጋጀንላችሁ ሁለት ግጥሞችን ነው። አንዱ የደስታ፣ አንዱ የሐዘን። ሁለቱም በሳሙኤል መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ፤ ታሪካቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት አካባቢ የሆነ ነው።

በዚያ ዘመን ድል ሲሆን ከበሮ ይዘው የሚወጡት ሴቶች ነበሩ። የሙሴን እህት ማርያምን አስቡ፣ የዮፍታሔንም ልጅ። ለሐዘንም የሚጠሩት እነሱው ናቸው፤ ኤርምያስ 9፥17 ላይ አልቃሾቹ ሴቶች ሲጠሩ ታያላችሁ። ያገራችንን ሙሾ አውራጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እሷ በሟቹ ሙያ ትጀምርና ቀስ ብላ ወደ ለቀስተኛው ትዞራለች፤ የአንዷን እናት፣ የሌላውን ወንድም ታነሳለች። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ሰው በሟቹ ስም የራሱንም ሙት ያለቅሳል። ይሄ ማስመሰል አይደለም፣ የሰው ሐዘን ወደኛ የሚገባው በዚህ በር ነው። ደስታ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። የሰርግ ዘፈን የሙሽሮቹን ስም ይጠራል እንጂ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን አይጠራም።

ሳኦልም ያቃተው ይኸው ነው። ጎልያድ ከወደቀ በኋላ ሠራዊቱ ሲመለስ ሴቶቹ ከየከተማው እየዘፈኑ ወጡ። ለሳኦል ሺህ ቆጠሩ፣ ለዳዊት እልፍ። ንጉሡ በጣም ተቆጣ፤ እንግዲህ ለዚህ ልጅ የቀረው መንግሥቴ ብቻ ነው ብሎ አሰበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዕብራይስጥ ግጥም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ሐሳብ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ሺህ ያለ ገጣሚ በሚቀጥለው ስንኝ አሥር ሺህ ይላል፤ የተለመደ ጥንድ ነው። ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ የምትሉትን መዝሙር 91ን (በግዕዙ ቁጥር 90ን) ቁጥር 7 ላይ እዩት። ሁለቱ ቁጥሮች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ግን ማንም ከማንም ጋር አልተወዳደረም። እንግዲያው ሴቶቹ ሁለቱንም ጀግኖች አብረው ማወደሳቸው ሊሆን ይችላል። ሳኦል ግን ግጥሙን እንደ ሒሳብ ሰማው፤ ለሌላው ሲጨመር ከእሱ የተቀነሰ መሰለው። በማግስቱ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ጦር ወረወረበት።

ዓመታት አለፉ። ዳዊትን በየበረሃው ሲያሳድድ የኖረው ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ከሦስት ልጆቹ ጋር ሞተ። ወሬውን ይዞ የመጣው አማሌቃዊ ዘውዱንም ይዞ ነበር፤ የምሥራች ያመጣ መስሎታል። ዳዊት ግን ልብሱን ቀደደ፣ እስከ ማታ ጾመ፣ ከዚያ የሐዘን ቅኔ ተቀኘ።

በዚህ ቅኔ ውስጥ ያልተባለው ከተባለው አይተናነስም። ስለተወረወረው ጦር አንድ ቃል የለም። ስለ ስደቱና ስለ ዋሻው የለም። የእግዚአብሔር ስም እንኳ አልተጠራም፤ እግዚአብሔር ፈረደልኝ ለማለት ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረውም። ወሬው ጠላት ከተማ እንዳይሰማ፣ የፍልስጤም ሴቶች ልጆች እልል እንዳይሉ ይማጸናል። የእስራኤልን ሴቶች ደግሞ ሳኦል ያለበሳቸውን ቀይ ልብስና ወርቅ እያስታወሰ ለቅሶ ይጠራቸዋል። ምናልባት ያኔ ከበሮ የመቱትም ከመካከላቸው ይኖሩ ይሆናል። ቅኔውንም የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ።

ዳዊት ራሱ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አቤሴሎም ሲሞት እያለቀሰ ተዘጋ፤ ነፍሱን ያዳኑለት ወታደሮች አሸንፈው ሳለ ከጦርነት እንደሸሸ ሰው ተሸማቀው ወደ ከተማ ገቡ። ኢዮአብ ገብቶ ሲቆጣው ነው ወጥቶ በሩ ላይ የተቀመጠው። ኢዮአብ ልክ ነበር ወይስ ጨካኝ? ይህን ስናዘጋጅ እኛም አልተስማማንም።

እዚህ አገር የሰርጉም የለቅሶውም ዜና በስልክ ይመጣል። እዬዬም ሲደላ ነው የሚለው ተረት የገባን እዚህ ነው፤ ማዳም እየተጣራች ማን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል? ቢሆንም አርብ ስንገናኝ በሐዘን አንታማም፣ አብረን እናለቅሳለን። የአንዷ ቤት ተሠርቶ አለቀ፣ የሌላዋ እህት ተሞሸረች ሲባል ነው ክፍሉ ጸጥ የሚለው። ቪዲዮው ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ሰባት ዓመት ሠርታ የእሷ ቤት ገና መሠረቱ አልወጣም። ሳኦልም ያን ቀን ከጦር ሜዳ የተመለሰ የደከመው ሰው ነበር።

ስትመጡ 1ኛ ሳሙኤል 18፥6-9ንና 2ኛ ሳሙኤል 1፥17-27ን አንብባችሁ ኑ። ሴቶቹ የመጀመሪያውን፣ ወንዶቹ ሁለተኛውን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ከዚያ ደስ የሚል ወሬ የደረሳት እህት ካለች እሷ ቀድማ ትናገር።