ጎጆ፣ ጓሮና ጉርብትና

የከተማ ታሪክ በቤት ቁጥር ብቻ አይጻፍም። ዲላን ያሳደጋት የቡና ንግድ ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ግን ቡናውን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከጥላ ዛፉ፣ ጎጆውን ከጓሮው ሳይነጥል የኖረ ሕዝብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም የዚሁ አንድነት ውጤት ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ነዋሪውን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ። በዚህም ጎረቤት ስለ ሰፈሩ የሚመክርበት መድረክ አገኘ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ግን በብዙ ሥፍራ ገበሬውን ከጓሮው አራቀው። ጎጆ በሳምንታት ይሠራል፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል።

ይህ ትምህርት ለከተማም ይሠራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለልማት ለሚነሣ ሰው ከንብረቱ ካሣ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስሩ መቋረጥም ካሣ እንዲከፈለው ደንግጓል። ሕጉ ጉርብትናን ሀብት ብሎ አውቆታል ማለት ነው። ይሁንና የፈረሰ ዕድር በገንዘብ አይተካም። ስለዚህ የዲላን ሰፈሮች ለማደስ የሚያቅድ ሁሉ ከመሐንዲሱ ንድፍ አስቀድሞ የሶንጎውን ሽማግሌዎች ቃል ይስማ፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ሳይለይ በአንድነት ያስፍር፤ ከቤቱም ጋር ጓሮውን ይቁጠር።