የዲትሮይቱ ሽማግሌና ሁለቱ መኪኖቹ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የካዲላክን አጀማመር ላውጋችሁ፤ ካዲላክ ከተነሳች ደግሞ ሊንከን መከተሏ አይቀርም፤ ሁለቱንም ያቆመ አንድ ሰው ነውና። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሄንሪ ሌላንድ ይባላል። በ1843 ቬርሞንት ተወለደ፤ አሜሪካኖች እርስ በርስ በተዋጉበት ዘመን በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራ፤ እዚያም የአንዱ ጠመንጃ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም ተደርጎ ሲሠራ አየ፤ ያየውም ዕድሜ ልኩን ከልቡ አልወጣም። ከዚያም ፕሮቪደንስ በሚገኝ የልኬት መሣሪያ ፋብሪካ ለዓመታት እጁን ሲያፍታታ ኖረና በ1890 ዲትሮይት ገብቶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። የኢንች አንድ ሺኛ ስታ የተሠራች የማርሽ ጥርስ እሱ ዘንድ ማለፊያ አልነበራትም።

በ1902 ሄንሪ ፎርድ ከባለ አክሲዮኖቹ ጋር አልስማማ ብሎ በራሱ ስም የተጠራውን ኩባንያ ጥሎ ወጣ። ባለገንዘቦቹም ተስፋ ቆረጡ፤ ማሽኑን ሸጠው ሊበተኑም ተነሱና ዋጋ እንዲገምትላቸው ሌላንድን አስጠሩ። ሽማግሌው ነጭ ጢሙን ይዞ መጣ፣ ማሽኑን ዞሮ አየ፣ ገመተ፤ ከዚያም አትሽጡ አላቸው። ለሌላ ፋብሪካ ሠርቶት ሳይፈለግ የቀረ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነበረውና እሱን አቀረበላቸው። እነሱም ሰሙት፤ ኩባንያውን ዲትሮይትን በ1701 በቆረቆረው ፈረንሳዊ ስም ካዲላክ አሉት። በ1903 መባቻ መኪናዋ ኒው ዮርክ ለትርኢት ስትቀርብ ከ2000 በላይ ትእዛዝ ጎረፈላት። ዋጋዋ 750 ዶላር ነበር፤ የሀብታም ብቻ መኪና የሆነችው ኋላ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አብረን እንሻገር። በ1908፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ሦስት ካዲላኮች ከለንደን ተነስተው ብሩክላንድስ ወደሚባለው የእሽቅድድም ሜዳ ተነዱ። የንጉሣዊው የአውቶሞቢል ክለብ ዳኞች ፊት ሦስቱም እስከ ብሎናቸው ተፈቱ፤ ከእያንዳንዳቸው 721 ዕቃ ወጣ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደባለቀ። ዳኞቹ ይህም አልበቃቸው፤ ከክምሩ 89 ዕቃ አነሱና በምትኩ ከነጋዴው መጋዘን አዲስ መለዋወጫ አስመጡ። ከዚያም መካኒኮቹ ቁልፍና ካቻቢቴ ብቻ ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ሞረድ የለ፣ አልገባም ያለውን ማስገደጃ የለ። የዚያኛው ፒስተን ከዚህኛው ሲሊንደር ገባ፣ የአንዷ ፓራፋንጎ ከሌላዋ ጎማ በላይ ተቀመጠ፣ ቀለማቸውም ዝንጉርጉር ሆኖ ሦስት መኪኖች ቆሙ፤ ሞተራቸው ተነሳ፣ እያንዳንዳቸውም 500 ማይል ሮጡ። ያኔ የአውሮፓ ባለሙያ ዕቃውን አንድ በአንድ እየሞረደ ነበር የሚያገጣጥመው፤ የአሜሪካን ሥራ የሚንቀውም ብዙ ነበር። ክለቡ የሚሸልመው የዱዋር ዋንጫም ለካዲላክ ተሰጠ፤ እኔም ካዲላክ ክብሯን ያገኘችው ከዚያ ክምር ነው እላለሁ።

በዓመቱ ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያውን ገዛው፤ ሌላንድ ግን በኃላፊነቱ ቀጠለ። ያን ጊዜ መኪና የሚነሳው በእጅ በሚሽከረከር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። የሌላንድ ወዳጅ ባይረን ካርተር፣ መንገድ ላይ መኪናዋ የቆመባትን ሴት ልርዳ ብሎ በዚሁ ብረት ተመትቶ ሞተ ይባላል፤ ሽማግሌውም ክፉኛ አዘነ። ከዚያ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል የዴይተን መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ ሞተሪኖ ሠራለትና የ1912ቱ ካዲላክ እሱን ይዛ ወጣች። ለሰው ክንድ መትረፍ የተሠራ ሥራ ነውና ከዋንጫው አስበልጬ እወደዋለሁ።

በ1917 ሌላንድ ከካዲላክ ወጣ፤ ከልጁ ከዊልፍሬድ ጋር ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመና፣ በወጣትነቱ የመጀመሪያ ድምፁን በሰጠው ፕሬዚዳንት ስም ሊንከን አለው። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ መኪና ዞሩ፤ ሞተሩ ድንቅ ነበር፣ አካሉ ግን ያለፈበት መሰለ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ፣ ዕዳው ከበደ። በፌብሩዋሪ 1922 ፋብሪካው በሐራጅ ቀረበ፤ ገዢው ሄንሪ ፎርድ ነበር፣ ከፈለውም 8 ሚሊዮን ዶላር። ሃያ ዓመት የቆየ በቀል ነው የሚሉ አሉ፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አልፈርድም። አባትና ልጅ ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ ተስፋ አድርገው ቆዩ፤ የፎርድ ሰዎች ግን በየሥራው ጣልቃ ይገቡ ጀመር፤ አራት ወር አለፍ እንዳለም የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሌላንድ ከልጁ ጋር ከፋብሪካው ወጣ።