ተጨማሪ ምግብ ማስጀመር በዶርዜ

ተጨማሪ ምግብ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር አብሮ የሚጀምረው ምግብ ነው። ጡት ማስጣል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያ በኋላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጡቱን እንዲቀጥል ይመክራሉ። ምክሩ የትም አንድ ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚወጣው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በጋሞ ዞን፣ በዶርዜ ደጋ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከእንሰት ነው።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ብርዳማ አገር ነው። በሽመናውና የዝሆን ፊት በሚመስሉ ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶቹ ይታወቃል። ከየቤቱ ጓሮ እንሰት አይጠፋም፤ ከሱ አለፍ ሲሉ ጎመንና ድንች፣ በማሳው ላይ ደግሞ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር አለ። ከብቱ ለወተቱም ለእንሰቱ ፍግም ይያዛል። የሕፃን ምግብ ከዚህ ሁሉ ሊወጣ ይችላል።

ቆጮ የሚዘጋጀው እንሰቱ ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ከቆየ በኋላ ነው። ይጨመቃል፣ ቃጫው እስኪያጥር በቢላ ይከተከታል፣ በቅጠል ተሸፍኖ በምጣድ ይጋገራል። ቡላ ደግሞ ከዚሁ ተክል ከተጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ነው። ሁለቱም ኃይል ሰጪ ናቸው። ዝናብ በቀረበት ዓመት የእንሰትን አገር ሕዝብ ያቆሙ ምግቦች ናቸውና ማንም ሊንቃቸው አይገባም። ነገር ግን ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው፣ ቅባትም የላቸውም ማለት ይቻላል። አዋቂው ጎመኑንና ባቄላውን አብሮ እየበላ ጉድለቱን ይሞላል። የሕፃን ሆድ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ገደማ ነው፤ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ200 ግራም ብዙም አይዘልም። ያቺ ትንሽ ቦታ በቀጭን የቡላ አጥሚት ከተሞላች ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ እናቱም በልቶልኛል ብላ ታርፋለች፤ ሰውነቱ ግን የሚያድግበትን አላገኘም።

ስድስተኛው ወር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የወጣው የብረት ክምችት በዚያን ጊዜ ገደማ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በድጋፍ መቀመጥ፣ ወደ አፉ የገባውን በምላሱ ወደ ውጭ መግፋቱን መተው የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ቀድሞ መስጠት ጡቱን ያስቀንሳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚታየው ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስ፣ ውሃ በስኳር ወይም አብሽ ማጠጣት ከዚህ የሚቆጠር ነው። ማዘግየትም እኩል ይጎዳል፤ የጎደለው ብረትና ፕሮቲን በኋላ ቢመጣ የባከነውን የእድገት ጊዜ መመለስ ከባድ ነው።

የተሻለው የዶርዜ ገንፎ ቡላውን ሳይተው ባቄላውን የሚጨምር ነው። ባቄላው ይዘፈዘፋል፣ ይላጣል፣ ደርቆ ለስለስ ብሎ ይቆላል፣ ይፈጫል። መዘፍዘፉና መቁላቱ በጥራጥሬው ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ሆድ መንፋቱንም ያቀላል። ባቄላ ከቡላ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈልጋልና ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ቀድሞ እሳት ላይ ይወጣል፤ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ ለብቻው የተበጠበጠው ቡላ ይጨመራል፣ መስታወት እስኪመስል ድረስ ይማሰላል። በመጨረሻ የተመታ እንቁላል ይገባና በደንብ ይበስላል፤ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ከማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት መሆን አለበት። ከበዛ ውፍረቱ የተነሣ ልጁ ካልዋጠው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ትንሽ የገብስ ብቅል ዱቄት ሞቅ ባለው ገንፎ ላይ ማማሰል ይቻላል፤ ብቅሉ ስታርቹን ሰባብሮ ያላላዋል፣ ከዚያ አንዴ ይፍላ። ለመጠጥ ብቅል የሚያበቅሉ እናቶች ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልጋቸውም። ይህ ጸሐፊ በደጋው ላሉ ቤቶች ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምክር አያውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ፣ አትክልትና ፍራፍሬም በየቀኑ እንዲሰጥ ይላል፤ የእንስሳት ምግብ በማይበቃበት ቤት ጥራጥሬ ቶሎ ቶሎ እንዲቀርብ ያሳስባል። ከዶርዜ ቁልቁል ያለው የአርባ ምንጭ ገበያ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ፣ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች የሚወጣ ዓሣ፣ በቆላው ሃሌኮ የሚባለው የሽፈራው ቅጠልም አለው። ቅጠሉ በደንብ ተቀቅሎ በጥሩ ሁኔታ ተከትፎ፣ ዓሣውም እሾሁ በጣት ተፈልጎ ወጥቶ ነው ለሕፃን የሚቀርበው። ለቆሎና ለንፍሮ ግን ገና ነው፤ ልጁን ትን ያሰኙታል። እንግዳ የሚቀበለው የዶርዜ ቆጮ ከማርና ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ሁለቱም ለሕፃን አይሆኑም። በተለይ ማር፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ብርቱ የሽባነት በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያፈራ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። የቡና ቅጠል ሳይቀር እየተፈላ በሚጠጣበት አካባቢ ሻይና ቡና ከሕፃኑ ምግብ መራቅ አለባቸው፤ ብረቱን ያስቀራሉ።

ጾምም አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል እንደሚሉ ጽፏል፤ ጾም በዚህ አገር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ሕፃን እንዲጾም የሚጠይቅ ሕግ የለም። ነገር ግን እናቲቱ በጾም ወቅት ድስቷ በእንቁላልና በወተት እንዳይነካባት ስትጠነቀቅ ልጁም ሳይጾም ይጾማል። ለልጅ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ነገሩን ይፈታል።

መልመድ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ እስከ ስምንተኛው ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል፤ ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል፣ በመካከሉም መክሰስ ይጨመራል። ልጅ አዲስ ጣዕም ተፍቶ ፊቱን ቢያዞር አልወደደውም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ያንኑ ምግብ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ነው የሚቀበለው። እጅን ጨብጦ በመዳፍ ማጋት የሚያተርፈው ፍርሃትና ትንታ ብቻ ነው። ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ እያናገሩት፣ አፉን እስኪከፍት እየጠበቁ ማብላት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ያ ጊዜ ነው በዶርዜ የሚያጥረው፤ እንሰት መፋቁ የሴት ሥራ ነው፣ ጥጥ መፍተሉም የሷ ነው፣ ባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሽመና አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዷል። እናትን ስለ ልጇ ቅጥነት የሚወቅስ ሰው ይህን የሥራ ጭነት ማየት ይኖርበታል፤ የጤና ትምህርቱም አባትንና አያትን ካልያዘ ጎዶሎ ነው።

በአገር ደረጃ ሥዕሉ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከስድስት እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ተገቢውን ዝቅተኛ የአመጋገብ መለኪያ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሮቹ 11 እና 37 ነበሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በቀበሌ ደረጃ ሥራው የወደቀው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኩል በተሰማሩት ሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ ገንፎ አሠርተው ያሳያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ከስድስት ወር ጀምሮ ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ።

ምግብ ሲጀመር ተቅማጥም አብሮ ይመጣል፤ ውሃው፣ እጁና ጡጦው ናቸው ምክንያቶቹ። ጡጦ በደንብ ስለማይታጠብ በስኒና በማንኪያ ማብላት ይመረጣል፤ የተረፈ ገንፎም ለነገ አይቀመጥም። ልጁ ሲታመም ጡቱም ምግቡም አይቋረጥም፤ ተቅማጥ ከሆነ ኦ አር ኤስና ዚንክ ከጤና ኬላ ይወሰዳል። ሲሻለው ደግሞ የቀነሰውን ክብደት እንዲመልስ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ይሰጠዋል።