የተበተኑት ምእመናን ጉባኤ

ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ ባፕቲስቶች በአሜሪካ የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያናቸውን ያቆሙት በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኒውፖርት በምትባል የደሴት ከተማ፣ በ1671 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነበር። ከምእመናኑ አንዳንዶቹ ግን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ በፓውካተክ ወንዝ አጠገብ ይኖሩ ስለ ነበር፣ ከወንድሞቻቸው ጋራ ለመሰብሰብ ውሃውን መሻገር ግድ ሆነባቸው። በ1708 እነዚህ የወንዝ ዳር ምእመናን ራስዋን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆኑ።

በባፕቲስቶች ሥርዓት እያንዳንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ራስዋን ታስተዳድራለች እንጂ በላይዋ የሚያዝ ጳጳስ የለባትም። ይህ ነጻነት ክቡር ነው፤ ነገር ግን ቍጥራቸው ጥቂት ለሆነና በየስፍራው ለተበተኑ ሰዎች ብቸኝነትን ያመጣል። ስለዚህ በ1802 በዚያው በወንዙ አገር፣ ሆፕኪንተን በተባለው ስፍራ፣ ጠቅላላ ጉባኤ አቋቋሙ፤ ጉባኤውም የሚመክር እንጂ የሚያዝ አልነበረም።

የማያዝ ጉባኤ የሚጸናው በፍቅር ነው፤ ፍቅሩም አስቀድሞ በመሰናዶው ይታያል። ተራው የደረሳት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቤታቸውን ለእንግዶች ያሰናዱ ነበር፤ ሰንበታቸውም ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ስለሚጀምር ሥራው ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ወንዙና ደኑ፣ የባሕሩም ነፋስ ልብን ደስ ያሰኛሉ። መንገደኛውን ከሩቅ የሚጠራው ግን የስፍራው ውበት ብቻ አይደለም፤ በመንደሩ ብቻውን ሰንበትን የሚያከብር ሰው በዚያ የእምነት ወንድሞቹን ፊት ያያል። ጉባኤው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ እስከ ዛሬ የኖረው ስለዚህ ነው።