ምጣዱ እስኪያርፍ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው ገና እየተቆላ ነውና ለአቦሉ ጊዜ አለን። የማወጋችሁ የመኪና ነገር ነው። ግን የመኪና ነገር ብቻውን መቼ ተወርቶ ያውቃል? መኪና ሲነሣ ማደያው ይነሣል፣ ቆጣሪው ይነሣል፣ ለቅሶውና ሠርጉም አብሮ ይነሣል።

እኔ፣ የምታውቁኝ እንደምታውቁት፣ ዕድሜዬን የገፋሁት በዲኤክስ ኮሮላ ነው። ታክሲ አድርጌያት ልጆች አሳድጌባታለሁ፣ ሙሽራ አጅቤባታለሁ፣ ምጥ የያዛትንም ጎረቤት በሌሊት አድርሼባታለሁ። ስታስነጥስ ካንዴላዋ መቆሸሹን አውቃለሁ፤ ፍሪሲዮኗ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከባለ ጋራዡ በፊት ግራ እግሬ ይነግረኛል። እንዲህ ሆነን ስንኖር ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈና፣ የማደያው ሰልፍም ከበሩ ተነሥቶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ደረሰና፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጋቢዬን ተከናንቤ መኪና ውስጥ ማደር ለመድሁ። ጠዋት ተራዬ ሲደርስ “አልቋል” የተባልሁበት ቀን አለ። እናንተም ሳይደርስባችሁ አልቀረም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ቤንዚኑ ከ100 ብር ባለፈ ሰሞን አንድ ማታ የበኩር ልጄ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። “አባዬ፣ ዲኤክስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ትጠጣለች፤ ይኸው ከ1,000 ብር በላይ። የኤሌክትሪኳ ትንሽ መኪና በዚያው መንገድ 14 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረህ 16 በለው። በቤት ቆጣሪ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር አይሞላም፤ ስለዚህ ከ160 ብር በታች ነው” አለኝ። ከዚያም ስለ ቀረጡ ነገረኝ፤ ተገጣጥማ ያለቀች የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመች 5 በመቶ፣ ተፈታታ የመጣችው ባዶ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስና ኤክሳይስም እንደተነሡላት አስረዳኝ። እኔም ወረቀቱን ትኩር ብዬ አየሁትና ሂሳቡ እውነት ሆነብኝ፤ ዲኤክሴን ሸጥሁ፣ ልጆቼ አዋጡ፣ ትንሿ የቻይና መኪና ከግቢያችን ገባች።

የልጄ ሂሳብ አልዋሸም። ያልጻፈው ግን ነበረ። መጀመሪያ ኤሌክትሪሻኑ መጣና ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ገመዱን ዳሶ፣ “አባባ፣ በዚህ ቀጭን ሽቦ መኪና ከሞሉበት ቤትዎ ይነዳል” አለኝ። ስለዚህ እስከ ቆጣሪው ድረስ ወፍራም ገመድ ተገዛ፣ ለብቻዋ ብሬከር ተገጠመ፣ ከጽጌረዳዋ ሥርም የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። ይህ የመሬት መስመር የሚሉት ነገር ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አንዲት ጠብታ አላሳልፍም ይላል። ቀጥሎ ኢንሹራንሱ መጣ፤ የሚሰላው በመኪናዋ ዋጋ ነውና ለዲኤክስ የምከፍለው የት ሄዶ። ከዚያም አንድ ጠዋት በሬ የሚነዳ ሰው ከኋላዬ ሲያልፍ የበሬው ቀንድ የኋላ መብራቴን ሰበረውና፣ ያቺ የእጅ መዳፍ የምታህል መብራት ከቻይና እስክትመጣ ሦስት ወር በፕላስቲክ ሸፍኜ ነዳሁ። የዲኤክስ ቢሆን ተክለ ሃይማኖት ወርጄ ከምሳ በፊት ገዝቼ እመለስ ነበር። መኪናዋ ደግሞ የምትናገረው በቻይንኛ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ደስ በሚል የሴት ድምፅ አንድ ነገር ትለኛለች፤ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን” እላታለሁ።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ አላችሁ? ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፤ ጣሊያን ትቶልን ከሄደው ቃል ብዙው በዚች መኪና ላይ ቦታ የለውም። ኮፈኗን ከፍቼ ቆሜ የምጠራው ነገር አጣሁ። ጎሚስታው ግን ቀረልኝ፤ እርሱም ባትሪዋ ከባድ ስለሆነ ጎማዋ ቶሎ እንደሚበላ ነግሮኝ ፈገግ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጊዜው የ2017 ፍልሰታ ነው፤ ሰማዩ የተቀደደበት ሰሞን። ያን ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋን በ51 በመቶ ሰካኋት፤ ሙሉዋ 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የቤታችን ቻርጀር በሰዓት ሦስት ያህል ነው የሚያስገባላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ብትጠጣ ይበቃታል ብዬ ተኛሁ። አምስት ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ወረደና መብራት ሄደ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። የባለቤቴ አጎት ባቱ ላይ ዐርፈዋል፤ ቀብሩ በዚያው ቀን ለዘጠኝ ሰዓት።

እናንተ የለቅሶን ነገር ታውቃላችሁ፤ ለእርሱ ነገ የሚባል ቀን የለም። ባለቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች፣ ሁለት የዕድራችን ሽማግሌዎችም በዝናብ ውስጥ እየተራመዱ መጡ። ጎረቤታችን ሚኒባስ አለው፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነው። እኔም መኪናዋን ከፍቼ አየሁ፤ 71 በመቶ። መብራቱ አልመጣም። ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የከፈተው ፈጣን መሙያ አለ፣ ግን በየትኛው ሰዓት ደርሼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ መቼ ልመለስ? “ወደ ባቱ ቁልቁለት ነው፣ ወርደን እንደርሳለን” አልሁ። ስለ መመለሱ አፌን ያዝሁ።

በቱሉ ዲምቱ በር ወደ ፍጥነት መንገዱ ገባንና፣ እኔም ከ80 አላሳልፍም አልሁ፤ መንገዱ 120 ይፈቅድ ይሆናል፣ ባትሪው ግን አይፈቅድም፤ ነፋሱን መግፋት ነው ዋናው ወጪዋ። ሲኖትራኮች ውኃ እየረጩብን አለፉ። ቁልቁለት ሲመጣ እግሬን አነሣሁላት፤ በዲኤክስ ጊዜ ቁልቁለት ማለት የፍሬን ሸራ የሚቃጠልበት ነበር፤ ይቺ ግን ወደ ታች ስትንከባለል ያንኑ ክብደቷን መልሳ መብራት ታደርገዋለች፣ ቁጥሩም ቆም ይላል፣ አንዳንዴም በአንድ ከፍ ይላል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌ ይህን ሲያዩ “በቅሎም ቁልቁለት ላይ ታርፋለች” አሉ። አዎ፤ እኔም በዚያች ሰዓት የተማርሁት ይኸው ነው። አርባ ዓመት ወደዚህ አቅጣጫ ስመላለስ ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ከ500 ሜትር በላይ እንደሚወርድ አላስተዋልሁም ነበር።

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ዝናቡ ቀነሰ፤ በግራችን የቆቃ ሐይቅ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። የቆቃን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው ያ ግድብ 43 ሜጋዋት ነው፤ ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። ከዚያ ለቅሶ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017፣ የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ነው፤ መቶ ቆቃ ቢደመር አይደርስበትም። ውኃውስ አለ። ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ እኔ ግቢ ያለው ሽቦና እንጨት ነው በነጎድጓድ የሚረታው።

ባቱ ስንገባ 29 በመቶ ላይ ነበርን። 160 ኪሎ ሜትር ተጉዘን 42 በመቶ ብቻ፤ ቁልቁለቱ ይባረክ። ለመመለስ ግን ያው መንገድ ሽቅብ ነው፤ ከ50 በላይ ትፈልጋለች።

ቀብሩ ተፈጸመ፣ ድንኳን ውስጥ ገባን፣ ንፍሮው ቀረበ። እንግዲህ ኀፍረቴን ልንገራችሁ። አፌ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ይላል፣ ዓይኔ ግድግዳ ግድግዳውን ሶኬት ይፈልጋል። ጠጋ ብዬ ለአንዱ የሟች ልጅ በጆሮው ብነግረው፣ አባቱን የቀበረ ልጅ፣ ተነሥቶ ወሰደኝና ሰካን፤ ቻርጀሩ ቀይ አበራ። የመሬት መስመር የለም። ልጁ ይቅርታ ጠየቀኝ። አስቡት፣ እርሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን የሰማች አንዲት የሠፈር ሴት፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ፣ “አባባ፣ የእኔ ምጣድ መስመሩ ወፍራም ነው፣ መሬትም አለው፤ ባለሙያ ነው የሠራልኝ” አለችኝ። ከቤቷ ስንደርስ ግን ምጣዷ ሥራ ላይ ነው፤ ሊጥ በባልዲ ተደርድሯል፤ የለቅሶውን እንጀራ የምትጋግረው እርሷ ናት። ምጣድና መኪና ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ አንድ ዓይነት በላተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይስባሉ፤ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ቷ ይላል። እርሷም አየችኝና “እንጀራው የለቅሶ ነው፤ መኪናዎት ተራ ትጠብቅ” አለች። እኔም ምን እላለሁ? በማደያ ሰልፍ ያደርሁ ሰው ተራ መጠበቅ አያቅተኝም። በርጩማ ሰጠችኝ፣ ከእንፋሎቱ አጠገብ ተቀመጥሁ፣ እርሷ አክንባሎውን ታነሣለች፣ እንጀራውን በሰፌዱ ትስባለች፣ ትደፋለች፣ ደግሞ ታሰፋለች። ስንት እንጀራ እንደሆነ ቆጥሬ ከሰባ በላይ ጠፋብኝ። እኩለ ሌሊት ላይ የመጨረሻውን አወጣች፣ ምጣዱን በጨርቅ ወለወለች፣ ሶኬቱን ነቀለችና “ይኸው” አለችኝ። አረንጓዴ በራ።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 66 በመቶ ደርሷል። የካርድ ቆጣሪዋን አብረን አየን፤ 19 ኪሎዋት ሰዓት ወስጃለሁ፤ 200 ብር የማይሞላ ነገር። 500 ዘረጋሁላት። “የለቅሶ እንግዳ መብራት ተሸጦለት ያውቃል?” ብላ እጄን መለሰችው። እኔም ተንኮሌ አላስቻለኝምና ብሩን ከሰፌዱ ሥር ሸጎጥ አድርጌ ወጣሁ። መኪናዋን ሳዞር እየሮጠች መጥታ በመስኮቱ ወረወረችልኝና፣ “እንግዲያውስ ለሰልስቱ ቡና ይግዙበት!” ብላኝ ተመለሰች። ለሰልስት የምትቆየው ባለቤቴ ናትና ለእርሷ ሰጠኋት።

መመለሻው ሌላ ታሪክ ነው፤ ግን አላስረዝመውም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ሆነን፣ ዝናቡ እንደ ገመድ እየወረደ፣ የሦስታችን ትንፋሽ መስታወቱን ጋረደው። ማናፈሻውን ብከፍት ባትሪ ይበላል፣ ብዘጋው መንገድ አይታየኝም። አንደኛው ሽማግሌ ነጠላቸውን ጠቅልለው ከሞጆ እስከ ቱሉ ዲምቱ መስታወቱን ሲወለውሉልኝ መጡ። ቢሾፍቱ ላይ 31 ነበር። ከዚያ ሽቅቡ ጀመረ፣ ቁጥሩም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንድ አንድ እያለ ጎደለ። ቻይንኛዋ ሴትዮ ድምጿን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ማንም አልተረጎመልኝም፣ ግን ገባኝ።

ከግቢያችን ስገባ 11 በመቶ። መብራት መጥቷል፤ በመስኮቱ ይታየኛል። ገመዱን ከመኪናዋ የዕቃ ማስቀመጫ አወጣሁና ወደ ሶኬቱ ስራመድ፣ ከጓዳ የአብሲት ሽታ መጣብኝ፤ ልጄ ምጣድ ጥዳለች። “አባዬ፣ ልንቀለው?” አለች በበሩ ብቅ ብላ፣ እጇ ሊጥ ሆኖ።

“ስንት ቀረሽ?”

“ሃያ ያህል።”

“ጋግሪ” አልኋትና፣ ገመዱን እንደ ያዝሁ በጣሪያው ጠፈር ሥር ቆሜ ዝናቡን አይ ጀመር።